የቀኝ ዳሯ ቁልፍ

ሀፊዝን ያሳደገችው አክስቱ ሳፊያ ናት። እናቱ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ሳፊያ የእናቱ ታናሽ፣ ገና ያላገባች ኮረዳ ሆና፣ "ይሄን ልጅ ለማንም አልሰጥም" ብላ ወሰደችው፤ በዚያው ባሉም ትዳሩም ቀረ። እሱም እቴቴ እያለ አደገ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደሴ ገራዶ ካለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ደጃፍ ታስቀምጠውና ደብተሩን አስገልጣ፣ "ጮክ ብለህ አንብብ፣ እሰማሃለሁ" ትለዋለች። መሃል ላይ ድንገት፣ "እዚህ ጋ ተሳስተሃል፤ ድገመው!" ትላለች። እውነትም ሲደግመው የዘለላት ቃል ትገኛለች። ልጅየው ታዲያ እቴቴ የማታውቀው ነገር የለም ብሎ ነው ያደገው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠረጠረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የተመነጠረችው ሌላ ናት።

ሳፊያ ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ ጀሪካን ፈጭቶ አዲስ ዕቃ የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በየማለዳው በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ትወርዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ሥራዋ ጀሪካኑን ወደ መፍጫው አፍ መጨመር ነው። መፍጫው የሚታዘዘው መዳፍ በምታህል ስክሪን ነበር። ስክሪኗ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሦስት ቁልፎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ በግራ ዳር ማስነሻው፣ መሃል ላይ ወደ ኋላ ማዞሪያው፣ በቀኝ ዳር ማቆሚያው። ጀሪካን ተቀርቅሮ መፍጫው ሲያጓራ ሳፊያ ቀኝ ዳሩን ትነካለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ እጇን ሰዳ የተቀረቀረውን ትመዝዛለች። ስክሪኑን አታይም፤ ጣቷ ያውቀዋል። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋ መከላከያ አልነበረውም እንዳይባል ነበረው፤ ተበላሽቶ በሽቦ ከታሰረ ግን ዓመት አልፎታል። "ይሠራል፣ ይሠራል" እየተባለ።

ሀፊዝ ኮምፒውተር ተምሮ ደሴ ፒያሳ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም መሥራት ሲጀምር ሳፊያን ማን ይቻላት! "የኔ ልጅ እኮ ኮምፒውተር የሚያዝ ነው" እያለች የፋብሪካውን ሰው ሁሉ አሰለቸች። ወሬው ሥራ አስኪያጁ አቶ አግማስ ጆሮ ደረሰና፣ "እስቲ ልጅሽ መጥቶ ስክሪኑን አማርኛ ያድርግልን" አሉ። ሀፊዝ በአንድ ሐሙስ ቀን ወረደ። አቶ አግማስ ሠራተኞቹን ሰበሰቡለት። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሳፊያ ከኋላ ቆማለች፣ ያን ቀን አዲስ ሻሽ አስራ።

"ከመካከላችሁ አማርኛ ማንበብ የማይችል ካለ እጁን ያውጣ" አለ ሀፊዝ።

ማንም አላወጣም። ሳፊያ ፈገግ ብላ አየችው፤ እሱም ፈገግ አለላት። አይ ይሉኝታ! የሰው ቤት እንዳፈረስክ ትኖራለህ።

ቢሮው ተመልሶ ሥራውን ጀመረ። ስክሪን የሚሠራ ሰው ቁልፎቹን በሚሊ እየለካ አይቸክልም፤ ሌይአውት ማናጀር የሚባል አስተናባሪ አለ፣ ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው። አስተናባሪውም ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ስክሪኑን እንደ ሳጥን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የማይነቃነቅ ቦታ ይሰጣል፤ እሱን ማዘጋጀት ግን ያለፋል። ሌላው ሰነፍ ነው። በተሰጡት ተራ ይደረድራቸውና ቦታ ሲያልቅበት የተረፈውን ወደ ታች መስመር ይገፋዋል። ሀፊዝ ሰነፉን መረጠ። አንድ መስመር ኮድ ነዋ የሚፈልገው! የአማርኛው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ "ማሽኑን አስነሣ"፣ "ወደ ኋላ አዙር"፣ "ማሽኑን አቁም"። በእሱ ሰፊ ላፕቶፕ ላይ ግን ሦስቱም በአንድ ረድፍ ቁጭ አሉ።

አብራው የምትሠራው ፊርደውስ ከኋላው ቆማ አየችው። "ኮምቦልቻ ወርደህ በራሱ ስክሪን ሞክረው እንጂ። ያ ጠባብ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

"ቅዳሜ እወርዳለሁ" አላት።

ቅዳሜ ጓደኛው ቢስቲማ ከተማ ላይ ሲያገባ ሚዜ ነበር። እሑድ ከሰርጉ ቤት ሆኖ ፋይሉን ለፋብሪካው ቴክኒሻን ለቀለሙ በቴሌግራም ላከለት። ሰው ለዚህ ምን ይባላል? ከደሴ ኮምቦልቻ እኮ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው የሚለቀም ሲሆን ነው እሱም።

ሰኞ ጠዋት ቀለሙ ጫነው። "በሉ እንግዲህ፣ አማርኛ ሆኗል፣ የሚያደናግራችሁ የለም" ብሎ ወደ ሌላ ማሽን ሄደ። ሳፊያ ስክሪኑን አየችው። ላይ ሁለት ቁልፍ፣ ታች አንድ። ያቺ የታችኛዋ አዲስ የተጨመረች መሰላት። የላይኞቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ ግራ ዳሩ ማስነሻ፣ ቀኝ ዳሩ ማቆሚያ። ልጄ የሠራው ነው፣ አያሳስተኝም ብላ ግራውን ነካች። ማሽኑ ተነሣ። ቢስሚላህ ብላ ሥራዋን ጀመረች።

አራት ሰዓት ላይ ጀሪካን ተቀረቀረ። ቀኝ ዳሩን ነካች፤ ማጓራቱ ቆመ። ክዳኑን ከፈተች፣ ቀኝ እጇን ሰደደች። የነካችው ግን ወደ ኋላ ማዞሪያውን ነበር። ወደ ኋላ ሲዞር ደግሞ ሞተሩ እንዳይቃጠል መጀመሪያ አምስት ሴኮንድ ዝም ይላል፤ ያቺን አምስት ሴኮንድ ያስገባው ሀፊዝ ራሱ ነው፣ ለማሽኑ አዝኖ። በአምስተኛው ሴኮንድ ምላጩ ዞረ።

ደሴ ሆስፒታል አመጧት። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ፤ እጇን ከአንጓው በላይ ቆርጠው ነፍሷን አተረፉ። ሀፊዝ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቴክኒሻኑን ቀለሙን ያዘው። ቀለሙ እያለቀሰ ስልኩን አውጥቶ የስክሪኑን ፎቶ አሳየው። "ማሽኑን አቁም" የምትለው ቁልፍ ታች መስመር ላይ ብቻዋን ወርዳ ቆማለች። ሀፊዝ አንድ ጊዜ አይቶ ገባው። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባውም። ማክሰኞ ጠዋት ስትነቃ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠየቃት።

"እቴቴ፣ ተጽፎ ነበር እኮ። ለምን አላነበብሽውም?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ፊደሉን መች አውቀውና።"

"ታዲያ ያን ቀን እጅሽን ለምን አላወጣሽም?"

"ሥራ አስኪያጁ አጠገብህ ቆሞ? ያሳደገችው መሃይም ናት ይበሉህ?"

"ደብተሬንስ? ተሳስተሃል፣ ድገመው ስትዪኝ የነበረው?"

ፈገግ ልትል ሞከረች። "ድምፅህ ይናገራላ። ያላወቅካት ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅህ ይሰልላል። ያኔ እይዝህ ነበር።" ቀጥላም፣ "አብሽር የኔ ልጅ። ቀደር ነው፣ አላህ የወሰነው" አለችው። እጇን ያጣችው እሷ፣ የምታጽናናውም እሷ!

ሀፊዝ ያን ጊዜ ቆረጠ። ጥፋቱን በአፉ ሊናገር፣ ከቦታው የወረደውን ቁልፍም፣ በሽቦ የታሰረውንም መከላከያ በጽሑፍ ሊያሰፍር። እቴቴ በገዛ ጥፋቷ ተጎዳች ከተባለ ሥራዋም፣ የእጇ ካሳም እንደሚቀር ያውቃል። በአንድ እጅ ማን ይቀጥራታል? ከሰዓት በኋላ ቢሮው ሄዶ ሁሉንም ጻፈው።

ረቡዕ አቶ አግማስ ከሁለት የፋብሪካው ኮሚቴ አባላት ጋር ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን ይዘዋል። ሀፊዝ ከፊታቸው ቆመ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ስክሪናችሁ ላይ ሳልሞክረው ነው የላክሁት፤ ማቆሚያው ከቦታው ወርዶ ነበር። የክዳኑም መከላከያ አይሠራም ነበር። እሷ አላጠፋችም። ጽፌዋለሁ፣ ይኸው" ብሎ ወረቀቱን ዘረጋ።

አቶ አግማስ አልተቀበሉትም። "አንተ ልጅ፣ እሷ ቃሏን ትናንት ሰጥታለች። አንብቤ ነው የነካሁት፣ እጄ ስቶ ነው ብላ ፈርማለች።" ከቦርሳቸው አንድ ገጽ አወጡ። ከግርጌው ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ሀፊዝ ወደ ሳፊያ ግራ እጅ ዞረ፤ አውራ ጣቷ ላይ ሐምራዊው ቀለም ገና አልለቀቀም። እሱ ቢሮ ተቀምጦ ሲጽፍላት፣ እነሱ እዚህ ሲያስፈርሟት!

"በአሻራ!" ብሎ ጮኸ። "ይሄው! ማንበብ ብትችል በአሻራ ትፈርም ነበር?"

"ቀኝ እጇ ተቆርጦ በምን ትፈርም?" አሉት አቶ አግማስ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ።

ወይ አለመታደል! እጇን የበላው ማሽን ማስረጃዋንም በልቷል።

"ክርክር ምን ያደርጋል፣ ራሷ አለች" አሉ አቶ አግማስ ወደ አልጋው ጠጋ ብለው። "ሳፊያ፣ ማንበብ ትችያለሽ ወይስ አትችይም?"

"እቴቴ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ እውነቱን ተናገሪ" አላት ሀፊዝ።

ሳፊያ አየችው። እንደዚያ እንደ ሐሙሱ ፈገግ አለችለት።

"አነባለሁ" አለች። "ልጄ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ የሳትኩት።"

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቶ አግማስ የወረቀቱን ግልባጭ ከብርቱካኑ ጎን አስቀምጠው፣ "አላህ ይማርሽ" ብለው ወጡ።

ሀፊዝ አልጋው ሥር ቁጢጥ አለ። "ምን አድርገሽ ነው እቴቴ? ምን አድርገሽኝ ነው?"

"ልጅሽ ይታሰራል አሉኛ። እንዲህ ካልሽ ግን ማንም አይነካውም፣ አንቺም ሲሻልሽ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጥሻል አሉኝ። እኔ እጄ ሄዷል፣ አንተን ደግሞ ልስጣቸው?" ግልባጩን በግራ እጇ አንሥታ ዘረጋችለት። "በል አሁን አንብብልኝ። ምን ብዬ እንደፈረምኩ ልወቅ።"

ሀፊዝ ወረቀቱን ተቀበለ። አነበበ። የስሟን፣ የቀኑን፣ የማሽኑን ቁጥር፤ "የቁልፎቹን ጽሑፍ በሚገባ አንብቤ ሳለሁ በራሴ ቸልተኝነት" የሚለውን። ከዚያ ዓይኑ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደረሰና ቆመ። ከንፈሩን በምላሱ አርጥቦ፣ "ከዚህ በኋላ ያለው... ሰላምታ ነው። ቶሎ እንዲሻልሽ ነው የሚለው" አላት።

ሳፊያ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር። ገለጠችው።

"ዘለልክ" አለች። "ድምፅህ ሰለለ። ድገመው።"

"እቴቴ..."

"ድገመው አልኩህ! ጮክ ብለህ።"

ሀፊዝ ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘው። በክፍሉ የተኙት ሕመምተኞች ሁሉ ዞረው ያዩታል።

"ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ" ብሎ አነበበ። "ስለ ጉዳቴም ከድርጅቱ ላይ አሁንም ሆነ ወደፊት ምንም ዓይነት ካሳ አልጠይቅም። ይህንንም ማንም ሳያስገድደኝ፣ ራሴ አንብቤና ተረድቼ ፈርሜአለሁ።"

ሳፊያ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ታሽ ጀመር። ሐምራዊው ቀለም አልለቀቀም።