የጓድ ኃይሌ ቢጫ ምላስ

ጓድ ኃይሌ የቀበሌያችን አዋጅ ነጋሪ ነበር። ሙሉ ስሙ ኃይለጊዮርጊስ ነው፤ አብዮቱ ሲመጣ ጊዮርጊስን ለጊዜው ቤት አስቀምጦት ወጣ። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከሲግናል እስከ ኮተቤ መንገድ ድረስ እሱ በድምፅ ማጉያ ያልጠራው ስብሰባ አልነበረም። ባትሪው ሲያልቅ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

የካቲት ላይ አፉ ቆሰለ። ምላሱ ጠርዝ ላይ፣ ጉንጩ ውስጥ፣ ከታችኛው ከንፈሩ ጀርባ፣ ነጭ ነጭ፣ ምስር የሚያህል። ክሊኒክ ሄዶ ወይን ጠጅ ቀለም ተቀብቶ መጣ። ሳምንት ሙሉ እንደ ቀለም ብልቃጥ ሆኖ ከረመ እንጂ ቁስሉ አልተነቃነቀም። ውሃ ሲጠጣ እንባው ይመጣል።

እኔ ከቤቱ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ረቡዕ ገብቶ ጠመኔዬን አነሳና ልቆርጠው የዘረጋሁት ካኪ ላይ ጻፈ፦ «ነገ እማማ አገርነሽ ዘንድ ውሰደኝ። አንተ ተናገርልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እማማ አገርነሽ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ጥግ፣ ባለ አትክልት ግቢ ያላቸው የመድኃኒት አዋቂ ናቸው። ሰፊውን ሕዝብ በቅጠልና በሥር እያታለሉ ነው ተብሎ ክስ ተጽፎባቸዋል። እሑድ ክሱ ይነበባል፤ ከዚያ ግቢው ተነቅሎ የቀበሌ ማኅበሩ ጎመን ይተከልበታል። የሚያነበው ደግሞ ጓድ ኃይሌ ነው።

«ታዲያ በየትኛው ዓይንህ ታያቸዋለህ?» አልኩት።

አፉን ከፍቶ አሳየኝ። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

ሐሙስ ጠዋት ወጣን። እማማ አገርነሽ ግቢያቸው ውስጥ ተጎንብሰው ጤና አዳም ይኮተኩታሉ። ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩን።

«የቱ ነው የታመመው?»

«እሱ ነው፣ እማማ። አፉ ቆስሎ መናገር አቅቶታል።»

«ኃይለጊዮርጊስ መናገር አቃተው?» አሉና መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ይኼስ ከባድ ነው።»

ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ አገጩን ይዘው፣ አፉን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ብዙ አዩ። ከዚያ ከቤት ደረቅ ሥር ይዘው ወጡ፤ ከራጉኤል ጀርባ የተቆፈረ መቅመቆ ነው። ወቀጡት፣ ጨው ጣል አደረጉበት፣ ለብ ባለ ውሃ በጠበጡት።

«ጠዋትና ማታ ይጉመጥመጥና ይትፋው። በርበሬ የለም፣ ትኩስ ነገር የለም። ወሬም የለም። ጉንጭ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የጠገገው ይላጣል። አራት ቀን፣ እስከ ሰኞ።»

«እሑድ ግን...» አልኩና ዋጥኩት።

«እሑድ ምን አለ?»

ጓድ ኃይሌ ባሕር ዛፍ መቁጠር ጀመረ።

«ስብሰባ ነው» አልኩ።

«ስለኔ የሚባለው?»

«አዎ።»

«የሚያነበው እሱ ነው?»

«እሱ ነው፣ እማማ።»

ብጥብጡን በጠርሙስ ሞልተው የበቆሎ ቆረቆንዳ ወተፉበት።

«እንግዲያ በደንብ ይዳን። በቆሰለ አፍ ስሜን እንዳያበላሸው።»

መቅመቆ ምላስን ቢጫ ያደርጋል። እሳቸው ዘንድ የወጣ ሰው ሳምንት ሙሉ በነጠላ ተሸፍኖ ነው የሚስቀው፤ ሰፈራችን ደግሞ ምክንያቱን ያውቃል፣ አይጠይቅም። ሦስት ቀን ድምፅ ማጉያው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። የጎረቤታችን የኤጀታ ውሻ ልማዷ ስለተቋረጠባት በስብሰባ ሰዓት ለብቻዋ ወጥታ ጮኸች።

እሑድ፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ አዳራሹ ሞላ። ስብሰባው ሁልጊዜ የሚገጥመው በዚያ ሰዓት ነበር። እማማ አገርነሽ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ኢዶሳ ወረቀቱን ለጓድ ኃይሌ ሰጠው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አፉን ስላመመው እኔ ላንብብለት» አልኩ።

«አንተ ሱሪ አሳጥር። ወረቀቱ ለሱ ነው የተመራው።»

ጓድ ኃይሌ ወደኔ አየ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ። ቀኑ ገና አራተኛው ነው።

«ጓዶች!» አለ።

ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። ግን አፉ ሲከፈት የፊተኛው መደዳ አየው። ባለ ሱቋ ኩልሱም ክርኗን ጎረቤቷ ላይ አሳረፈች።

«ውይ ጓድ ኃይሌ! አንተም ወጥተሃላ!»

ሳቁ ከፊት ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። ጓድ ኢዶሳ ጠረጴዛውን መታ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? ጓድ፣ ምላስህን አሳይ።»

አሳየ። እንደ እንቁላል አስኳል ነው። ጓድ ኢዶሳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግራ ሲገባው ለሰው መውጫ ይፈልጋል።

«ቅቤ ነው አይደል? ሚስትህ ቅቤው ውስጥ መቅመቆ አብዝታ ይሆናል።»

ቅቤ ነው ማለት ቀላል ነበር። አዳራሹ በሙሉ ቅቤ እንዲል ጠበቀ። ጓድ ኃይሌ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው።

«ቅቤ አይደለም። የእማማ አገርነሽ ነው። ሰኞ ዕለት ውሃ አልወርድ ብሎኝ አለቀስኩ። ዛሬ ጠዋት ፍርፍር በላሁ፣ በበርበሬ። ሕዝብ ያታልላሉ ብዬ ላንብብ ብል ማን ይሰማኛል? ምላሴን እያያችሁት?»

ጓድ ኢዶሳ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፣ ገለበጠው፣ ጀርባው ላይም ምንም አላገኘም።

«ከዚህ ውስጥ እዚያ የወጣ ሌላ ሰው አለ?»

ሰው ሁሉ አፉን ገጠመ። ያን ያህል ሰው አፉን ሲገጥም መልሱ እጅ ከማውጣት ይበልጥ ግልጽ ነው። ጓድ ኢዶሳ ሚስቱ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ለአፍታ ተመለከተ፤ እሷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

«ጉዳዩ ለጥናት ይቆይ» አለ።

እኛ ቀበሌ ለጥናት የሄደ ወረቀት ተመልሶ አያውቅም። ጎመኑ ከአዳራሹ ጀርባ ተተከለ፤ እማማ አገርነሽም ጤና አዳማቸውን መኮትኮት ቀጠሉ።

ስንወጣ ጓድ ኃይሌ በር ላይ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘ። ምስጋና የሚጠብቅ መሰለኝ።

«ሰኞ ነው ያልኩህ» አሉት። «በርበሬውንስ ማን ፈቀደልህ?»

በማግስቱ የግራ ጉንጩ እንደገና ቆሰለ። ጠርሙሱን በቀን፣ በዋናው መንገድ፣ ይዞ ወጣ። እኔን አላስከተለኝም። አራት ቀን ጨመሩበት።