የላዳው ሞተር የወረደ ዕለት

የላዳው ሞተርና ካምቢዮ ግቢዋ ውስጥ መውረዱ ሰገንን ብዙም አልከፋትም። ዘይቱ ይፍሰስ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ይጥቆር፣ ይሁን። የከፋት ልታወርደው የመጣችው ሴት ናት፤ ደሊና።

ደሊና ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ የምትሠራ መካኒክ ናት። የሰገን ባል መድሃኔ ይህን ላዳ ታክሲ ከመያዙ በፊት እዚያው ነበር፤ አንድ መኪና ሥር ጎን ለጎን ተኝተው ሲሠሩ ኖረዋል። "ሊጋቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር" የሚለው ወሬ ሰገን ጆሮ ደርሷል፤ ካዛንችስ ውስጥ ወሬ ቤት አይሳሳትም። መድሃኔን ስትጠይቀው "እህቴ ማለት ናት፣ በቃ" ይላታል። በዚያች "በቃ" ነው የምትበግነው።

ጋራዡ ወረፋ ስለበዛበት እሑድ ጠዋት ሥራው እቤት ተጀመረ። ሞተር ማንሻ ስለሌለ መድሃኔ ከእድሩ ዕቃ ቤት ሦስት የድንኳን ብረት ተውሶ መጣ። ደሊና ጫፋቸውን አንድ ላይ አሥራ ከላዳው በላይ አቆመቻቸውና መዘውር አንጠለጠለችባቸው።

ሰገን ማድ ቤቱ በር ላይ ሽንኩርት እየከተፈች ታያለች። "አሥራ ሰባት" ትላለች ደሊና ከመኪናው ሥር፤ ወዲያው ቁልፉ እጇ ላይ ነው። "አሥራ ሦ..." ሳትጨርስ መድሃኔ አቀብሏታል። ይኼ እኮ ጨው ግዛልኝ ብላ ስትልከው ከመንገድ ተመልሶ "ምን ነበር ያልሽኝ?" የሚላት ሰውዬ ነው! ሰገን ቀናች። በቁንጅናዋ አይደለም፤ ቱታ ለብሳ፣ ግንባሯ ግሪስ ተለቅልቆ ምን ቁንጅና ይታያል? የቀናችው በመግባባታቸው ነው። እሷ ከተጋቡ ጀምሮ አውርታ አውርታ ያላገኘችውን፣ እነዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይዘውታል።

ምሳ ይዛ ወጣች። ደሊና በጀርባዋ ተኝታ ካምቢዮውን በሁለት እጇ ደግፋለች፤ ልትለቀው አትችልም። መድሃኔ እጁን ታጥቦ፣ ጎንበስ ብሎ አጎረሳት። ደገማትም። እኔን መቼ ነው እንዲህ ያጎረስከኝ? ልትለው ነበር ሰገን፤ በምትኩ ትሪውን አስጠጋችላቸው።

"እጅሽ ይባረክ ሰገንዬ" አለች ደሊና እያላመጠች። "በርበሬው ግን ትንሽ በዝቷል።"

"እሱ እንደዚህ ነው የሚወደው።"

"እንዴ! ድሮ አይወድም ነበር እኮ።"

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ከነካምቢዮው ተነሣ። መድሃኔ ገመዱን በግቢው የውሃ ቧንቧ ብረት ላይ ጠምጥሞ ይጎትታል፤ ደሊና ሞተሩን በእጇ እየመራች ከላዳው ታወጣዋለች። ሰገን አጠገባቸው ሳህን እየሰበሰበች ነበር። ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ አየር ላይ እንዳለ የግቢው በር ተበርግዶ ጎረቤታቸው እማማ ወርቄ ገቡ። የእድሩ ብረት እዚህ ቤት መግባቱን ሰምተዋል፤ የእድር ብረት ወጣ ማለት ደግሞ ሰው ሞተ ማለት ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ።

"ወይኔ ሰገንዬ! ወይኔ ልጄን! ሳልደርስልሽ!"

የሰገን እናት መቀሌ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። መርዶ መሰላት። "እናቴን!" አለችና ራሷን ስታ ዘመመች።

መድሃኔ ገመዱን ለቀቀ። ሮጦ፣ መሬት ሳትደርስ ያዛት። ከኋላው ሞተሩ ሲወድቅ ግቢው ተናጋ።

"ማንም አልሞተም! ስሚኝ ሰገን፣ ብረቱ ለሞተሩ ነው! ማንም አልሞተም!" እያለ በግሪሳም እጁ ጉንጯን ይዳብሳል። እማማ ወርቄ የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን አቃኑ።

ሰገን ዓይኗን ስትገልጥ ሞተሩ ተሰንጥቆ ዘይቱ በግቢው ይሄዳል። እንጀራቸው ነበር። ማዘን ሲገባት ደስ አላት፤ ምን ትደብቃለች፣ በጣም ደስ አላት። ገመዱን ለእሷ ሲል መልቀቁን አይታ እንደሆነ ብላ ደሊናን በዓይኗ ፈለገቻት።

ደሊና ከወደቀው ሞተር አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀርተዋል። ሞተሩን አላየችውም፤ የምታየው ሰገን ጉንጭ ላይ ያለውን የመድሃኔን እጅ ነው። ሰገን አስተያየቷን አወቀችው። እሷም ከጠዋት ጀምሮ በዚሁ ዓይን ነበር ስታያቸው የዋለችው።

"ደሊና፣ ተጎዳሽ እንዴ?" አለ መድሃኔ፣ ገና አሁን ትዝ ብላው።

"ደህና ነኝ።" ጎንበስ ብላ ቁልፎቿን መልቀም ጀመረች። "እኔ ብወድቅ ኖሮ ግን ገመዱን አትለቅም ነበር።"