በእናትየዋ ፈቃድ

ባሏ ሽብሩ ሌላ ሴት ማስቀመጡን ነቀምቴ ሁሉ ሲያወራው፣ ድርቤ ልጇን ሸዋጌጥን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። በፍቺው ብዙም አልተጨቃጨቁም፤ ጭቅጭቁ የመጣው በልጅቷ ነው። ሽብሩ ከሸዋ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ፣ እህቴ እማዋይሽ ዘንድ ሆና ትማር አለ። ድርቤ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ልጄ ከእኔ አትለይም አለች።

ነገሩ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ቀረበ። የጃንሆይ አዲሱ ሕግ ሕፃን እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይቆይ ይላል ተባለ፤ ሸዋጌጥ ግን አምስትን አልፋለች። በድርቤ በኩል የተቀመጡት የእናቷ ወንድም አቶ ጉሉማ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ለምሳ ሲነሡ ለብቻዋ ጠሯትና፣ ብትከራከሪ ትሸነፊያለሽ፣ ወደሽ ከሰጠሽ ግን ክረምት ክረምት እንድትመጣልሽ አስምለዋለሁ አሏት። «ኤሱማ» እያለች ስትጠራቸው ያደገች አጎቷ ናቸው፤ አመነቻቸው። ከሰዓት በኋላ በሁሉም ፊት ብድግ ብላ፣

«ይውሰዳት» አለች።

በእናትየዋ ፈቃድ ተብሎ ተጻፈ።

ክረምት መጣ፤ መንገዱ ጭቃ ነው ተባለ። በሚቀጥለውም ልጅቷን አሟታል ተባለ። ከዚያ ሽብሩ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። ድርቤ ሾፌሮችን እየለመነች ማርና ቅቤ ትልክ ነበር፤ ይድረስ አይድረስ አታውቅም። አጎቷን ስትወተውታቸው ልጅቷ ደልቷታል፣ ምን ጎደለሽ ይሏታል።

ሸዋጌጥ የመጣችው ቁመቷ እናቷን ካከለ በኋላ ነው። እማዋይሽ ደምቢዶሎ ለቅሶ ስትሄድ ነቀምቴ አውርዳት አለፈች። ድርቤ አቅፋ እየሳመች በኦሮምኛ ሰላም ብትላት፣ ልጅቷ ፈገግ ብቻ አለች። ቋንቋው ጠፍቷታል። አያቷ እጇን ይዘው እያለቀሱ የሚሉትን ድርቤ ትተረጉምላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናትና ልጅ ደጅ ተቀምጠው፣ ድርቤ ፀጉሯን ትሠራታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች ሸዋጌጥ። እናቷን አንቱ ነው የምትላት። «ሽማግሌዎቹ ፊት ይውሰዳት ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ድርቤ ስለ አጎቷ፣ ስለ መሐላው፣ ስትጠብቅ ስለከረመችው ሁሉ ልትነግራት ፈለገች። አማርኛዋ ግን የገበያ አማርኛ ነው፤ ለዚህ አልበቃ አላት።

«እኔ ነኝ» አለቻት።

ልጅቷ ሌላ አልጠየቀችም። አክስቷ ከለቅሶው ስትመለስ ተከትላት ሄደች፤ ዳግመኛም አልመጣች።

አቶ ጉሉማ ሲሞቱ አገሩ ሁሉ ለቀብር ወጣ። የድርቤ እናት ወንድሜ ነው፣ ለእኔ ስትዪ ቀብሩ ላይ ውጪ ብለው እግሯ ላይ ወደቁ። ድርቤ ቅቤዋን ተሸክማ ገበያ ወረደች፤ ስትሸጥ ዋለች። ሰው ሁሉ ጨካኝ አላት። እናቷም ከዚያን ቀን ወዲህ ከእጇ እህል አልቀመሱም።