የአከራይዋ መርዶ

የወረዳው ሠራተኞች የኪራይ ውል ለመመዝገብ በኮልፌ ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ብርቅዬ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ክፍል ተከራይዋን ምህረትን ጠርታ አጠገቧ አቆመቻት።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች። "ከቦንጋ መጥታ እኔ ጋ ነው ያለችው።"

ምህረት ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ እንድታደርግ ጠዋት ተነግሯታል። ብርቅዬም ትውልዷ ከዚያው አካባቢ ስለሆነ ነገሩ ያስኬዳል። ዘመድ ማስጠጋት ኪራይ አይባልም። ውል ከተመዘገበ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተከራይ ማስወጣትም ሆነ መንግሥት ከፈቀደው በላይ ዋጋ መጨመር አይቻልም።

አካባቢውን ለማሳየት አብረው የሚዞሩት የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ መሸሻ ሳቁ። "እኔስ አፍንጫቸው አንድ ነው ስል ነበር!"

ብዙም ሳይቆይ የተሻለ የሚከፍል ሰው መጣ። ብርቅዬ ምህረትን "በወሩ መጨረሻ ልቀቂልኝ" አለቻት።

"እትዬ፣ ውል ብንዋዋል ኖሮ እኮ እንዲህ አይሉኝም ነበር።"

"የምን ውል? አክስትሽ አይደለሁ እንዴ!" ብላ ሳቀች። ምህረት አልሳቀችም።

አንድ ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ። ብርቅዬ ነጠላዋን ደርባ ስትከፍት፣ ጋሽ መሸሻና ሌሎች የዕድር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። ሰው በዚህ ሰዓት እንዲህ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

"በርቺ ብርቅዬ" አሉ ጋሽ መሸሻ። "እህትሽ ዐርፋለች።"

"ደሜ!" ብላ ጮኸች። "ወይኔ ደሜዬ! ጅማ መጥቼ ሳላይሽ!" ደረቷን መታች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "የጅማዋ አይደለችም" አሉ ጋሽ መሸሻ ክንዷን ይዘው። "የቦንጋዋ ናት፤ የምህረት እናት። ትናንት ከተቀበረች በኋላ ለምህረት አሠሪ ተደውሎ ሰማን። ልጅቱን ካንቺ ጋር ሆነን እናርዳት ብለን ነው።"

"ተመስገን" አለች ብርቅዬ።

ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው። ዞር ስትል ምህረት በጩኸቱ ደንግጣ ከጓሮ መጥታ ከኋላዋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ረፋድ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ብርቅዬን ከምህረት ጎን ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። የመጣው ሁሉ "እግዜር ያጽናሽ" ይላታል፤ እሷም "አሜን" ትላለች። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ "የእህትሽ ስም ማን ነበር?" ስትል ጠየቀቻት።

ብርቅዬ አፏን ከፈተች። አታውቀውም። ልጅቱ ሁለት ክረምት ጓሮዋ ስትኖር የእናቷን ስም አንድም ቀን አልጠየቀቻትም።

"አስካለ" አለች ምህረት ቀና ሳትል። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። እንድትዋሽ ያስተማረቻት ልጅ ዛሬም ገመናዋን ሸፈነችላት።

ብርቅዬ ተነሥታ ቆመች። "እህቴ አይደለችም" አለች። "ምህረት ተከራዬ ናት። ውል ላለመዋዋል ዋሽቼ ነው። በወሩ መጨረሻም ውጪልኝ ብያታለሁ።"

"እና ድንኳኑ ይነሣ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ሐዘኑ የልጅቱ ነው፤ ይቆያል" አሉ ጋሽ መሸሻ። ብርቅዬን አላዩዋትም። "አንቺ ግን ፍራሹን ልቀቂ። የዘመድ ቦታ ነው።"

በገዛ ግቢዋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እግዜር ያጽናሽ ያላት የለም።

በሣልስቱ ማግስት ሁለቱ ወረዳ ሄዱ። ቤት ለቤት ሲዞር የነበረው ሠራተኛ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል።

"እናቴ፣ የእህቴ ልጅ ናት ብለውኝ አልነበር?"

ወረፋ የያዙት ዞሩ። "አይደለችም። ተከራዬ ናት" አለች። ድምፅዋ ስላነሰ ደግማ መናገር ነበረባት።

"ቅጣት አለው።"

"ይሁን።"

ፈረሙ። ምህረት የራሷን ቅጂ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ብርቅዬ" ብላ ብቻዋን ወደ ታክሲው ፌርማታ ሄደች።

እስከዚያ ቀን ድረስ እትዬ ነበር የምትላት።