ጋሽ አብራራ ካልሲውን ሲያወልቅ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ የተከበሩ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርና የዚህ ቤት አባወራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ካልሲ የማያደርጉ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃሉ። ውሳኔው የእግራቸውን ጣቶች በሙሉ የሚመለከት ሲሆን ይግባኝ አይባልበትም።

አዋጁ የተነገረው ቁርስ ላይ ነው። ጉባኤተኛዋም ሚስቱ ብቻ ነበረች። አንቱታውም እዚሁ ላይ ይብቃ፤ ሚስቱ «አንተ ሰውዬ» የምትለውን ሰው እኛ «እርስዎ» እያልን የምናሽሞነሙንበት ምክንያት የለም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱም በጠመኔ ነው የሚተዳደሩት፤ ልዩነቱ፣ እሷ ያሰመረችው ላይ ልብስ ይወጣል። መሥሪያ ቤቷ ሳሎኑ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከጎኑ የመተኮሻ ጠረጴዛዋ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደንበኞች የሚለኩበት መጋረጃና ቁመት ሙሉ መስተዋት አለ። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ይህ ክፍል የእሷ መንግሥት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ባሏ ሶፋው ላይ ይጋደምና ባዶ እግሩን ከተተኮሰው ጨርቅ አጠገብ ይዘረጋል፤ መንግሥትም ይገለበጣል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። ይሄኛውማ ቆብ የለው፣ መስፋት አይችል፤ የሚቀደው የሚስቱን ሥራ ነው።

ተማሪዎቹ «ጋሽ አብራራ» ነው የሚሉት። በፈተና ወረቀቱ ላይ «አብራራ» የማትል ጥያቄ አትገኝማ። «መልካም ዕድል ይሁንልህ፤ ለምን እንዳስፈለገህ አብራራ» ብሎ ሊጽፍ ምንም አልቀረውም እያሉ ያሙታል።

ዕረፍቱን የሚያሳልፈው ሰው በመናቅ ነው። የሒሳቡ መምህር በክረምት ሰርግ ይቀርጻል። የስፖርቱ መምህር የልብስ ሳሙና እያከፋፈለ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። «ምሁር ናቸው እነዚህ? ምሁር ሲያርፍ ያርፋል!» ይላል ጋሽ አብራራ፣ ጣራውን እያየ። ሚስቱ መርፌዋን ትነክስና የሁለቱን መምህራን ሚስቶች በቅናት ታስባቸዋለች።

ለጠየቀውም ላልጠየቀውም የሚተርከው አንድ ጀብዱ ደግሞ አለው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምርጫ ያለውን ፈተና በተለያየ ኮድ ማዘጋጀት ያስጀመረ እሱ ነው። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ከወረቀት ወረቀት ይዘበራረቃል። ኮራጁ የጎረቤቱን መልስ ፊደል በፊደል ይገለብጣል፤ ሲታረም ጉድ ይፈላል። «ኮራጅን ማሳደድ አያስፈልግም» ይላል ጣቱን ቀስሮ። እዚህ ላይ አንዴ ያስላል። «ኮራጅ ራሱን ይይዛል!» ሚስቱ ታሪኩን ከመስማቷ ብዛት ሳሉን ቀድማው ልታስል ትችላለች።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሙሽራ መጣች። የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ የራሷን የሰርግ ልብስ፣ የሚዜዎቿንም ቀሚስ በሙሉ ልታሰፋ ነው። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝታ አታውቅም። በወጉ ካስረከበች ሚዜዎቹም በተራቸው ሲያገቡ ወደ እሷ ይመጣሉ። ካበላሸችው ደግሞ ዕድሜ ልኳን ዚፕ ስትቀይርና ሱሪ ስታሳጥር ትኖራለች።

ሙሽራዋ በመርፌ ብቻ የተያያዘውን ልብስ ለብሳ መስተዋቱ ፊት ስትቆም ከሶፋው ድምፅ መጣ።

«እጅጌ የለውም?»

«አዎ ጋሼ፣ እጅጌ አልፈልግም።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ መልስ አይደለም። አብራሪ።»

ሙሽራዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ስለሚያምርብኝ ነዋ!»

«እሱ ድምዳሜ ነው፤ ማስረጃው የታለ? ክንዴ ነው ማስረጃዬ ካልሽ…» ጋሽ አብራራ የእግር ጣቶቹን እያፍተለተለ ክንዷን በጥሞና መረመረ፤ «ግማሽ ማርክ ነው የምሰጥሽ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሙሽራዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እትዬ፣ እጅሽን ስለምወደው ነው ዝም ያልኩት። እኚህ ሰውዬ አንዲት ቃል ቢጨምሩ ግን ጨርቄን ሰብስቤ እሄዳለሁ። ሚዜዎቼ ፊት እንዲህ ቢሉኝስ?»

«ይቅር በይኝ እህቴ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ የማደርገው ጠፍቶኛል።»

ሙሽራዋ አፍንጫዋን ጠራርጋ ትንሽ አሰበች። «መኪና ይነዳሉ?»

«ከምላሱ በቀር ምን ይነዳል!»

«ታዲያ እኛ ጋ ላኪያቸዋ። ሥልጠናው ጠዋት ገብቶ ማታ መውጣት ነው። የጽሑፉን ፈተና ካለፉ ደግሞ ወደ መንዳቱ ይገባሉ፤ ክረምቱ በዚያው ያልቅልሻል።»

ሚስቱ የዚያን ዕለት ራት ስታቀርብ ወሬ አስመስላ ጣል አደረገችው። «ያ የስፖርት መምህር መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው አሉ።»

ሊያወጣ አልነበረም። ጋሽ አብራራ ግን የጎረሰውን ሳያላምጥ ዋጠው። «ያ ሳሙና ሻጭ?»

በማግስቱ አዋጁ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ተሻረ፤ ካልሲ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለልብስ ሰፊዋ ገነት ነበሩ። የስፌት መኪናዋ ያለ ተቃውሞ ይዘምራል። ሙሽራዋ ትመጣለች፣ ትለካለች፣ ትሄዳለች፤ ማንም ማስረጃ አይጠይቃትም። ማታ ማታ ብቻ ባሏ ይመጣና የቀኑን ንቀት እንደ ደመወዝ ያስረክባታል።

«አጠገቤ የሚቀመጠው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ፀጉሩ ላይ ዱቄት እንዳለ! ሲያነብ በጣቱ እየተከተለ ነው። ጮክ ብሎ! ‹ቅ-ድ-ሚ-ያ› ይላል። አስተማሪው ደግሞ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም።»

«አንተስ አታነብም?»

«ምኑ ይነበባል? ቀይ ቁም፣ አረንጓዴ ሂድ! ለዚህ መጽሐፍ የምገልጥ ሰው ነኝ እኔ?»

መጽሐፉን በእርግጥም አልገለጠውም። ሚስቱ ታውቃለች፤ የአንዷን ሚዜ ቀሚስ ስትተኩስ ጨርቁ እንዳይሸሽ የጫነችበት እሱን ነበርና፣ ሽፋኑ ገና ከነላስቲክ መጠቅለያው ነው።

የፈተናው ዕለት ክራባት አሰረ። ሚስቱ በር ድረስ ሸኘችው። እንዲያልፍ የምትመኘውን ያህል ለራሷ ጤና እንኳ ተመኝታ አታውቅም።

ውጤት የተለጠፈ ቀን እኩለ ቀን ሳይሞላ ተመለሰ። ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውን ማውለቅ ግን ረሳ። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጋዜጣ ፊቱ ላይ አለበሰ።

«እህ? እንዴት ሆነ?»

ጋሽ አብራራ ጋዜጣውን እስከ አገጩ ሳበው።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ ለመጨረሻው ልክ ትመጣለች፤ እሱ ደግሞ ይኸው እንደ ቆሻሻ ውሃ ተመልሶ ሳሎኗን ሞላው። ወደ መኝታ ቤት እንዲገባላት ለመነችው፤ አልተነቃነቀም።

ሙሽራዋ ስትመጣ ሶፋውን አየችና በፍጥነት መጋረጃው ውስጥ ገባች። ከዚያ ሳቋን በሁለት እጇ አፈነችው።

«ምነው ልጄ?»

«እትዬ፣ አልሰማሽም እንዴ? ያረምኩት እኮ እኔ ነኝ!» ማንሾካሾኳ ነበር፤ ግን ማንሾካሾክ የማይችሉ ሰዎች አሉ። «የጋሼ ወረቀትና የዳቦ ጋጋሪው ወረቀት አንድ ናቸው። ፊደል በፊደል! እሱ ሳይመልስ የዘለለውን ጥያቄ እሳቸውም ዘልለውታል።»

«ያው ትምህርቱ አንድ ስለሆነ…» አለች ሚስት፣ ለወጉ።

«ኮዱ ግን ይለያያል! የእሱ ሌላ፣ የእሳቸው ሌላ። ኮድ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም እንዴ፣ መምህር ሆነው?»

ሚስቱ አሳላት። ልክ በቦታው ላይ።

«ደግሞ የሚገርምሽ፣ ኮዱ አንድ ቢሆንም አያድናቸውም ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም ወድቋል! በዚያ ላይ ምርጫው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው፤ አለቀ። ዳቦ ጋጋሪው አንዱ ላይ ‹ሠ› ብሎ ጽፏል።»

«እና?»

«ጋሼም ‹ሠ› ብለዋል።»

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል ሚስቱ እስከዛሬ ተረት ብቻ ይመስላት ነበር። ግን ለመሳቅ አልደፈረችም። «እንደገና መፈተንስ አይችልም?»

«ከክረምት በኋላ ነው እንግዲህ።»

ከክረምት በኋላ! ሚስቱ መርፌዎቿን ከንፈሯ መሀል እንደያዘች በቁሟ ቀዘቀዘች። የቀረውን ክረምት በሙሉ፣ እዚሁ፣ ከነእግሩ። ሙሽራዋ ግን መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ መስተዋቱ ፊት ቆመች፤ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ወደ ግራ ዞረች። ሶፋው ዝም።

«ጋሼ፣ እጅጌ የለውም» አለች ሙሽራዋ።

ጋዜጣው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። እስትንፋስ ነበር።

«ለምን እንደሌለውም አልነግርዎትም።»

እስትንፋስ ብቻ።

«ደስ ሲል!» አለች ሙሽራዋ። «እትዬ፣ ሚዜዎቼን ነገ በሙሉ ይዣቸው እመጣለሁ።»

በሩ ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ ሳሎኑን ዞራ አየችው። የስፌት መኪናው፣ መስተዋቱ፣ ሶፋው፣ ሶፋው ላይ የተዘረጋው ባል፤ ሁሉም የቤት ዕቃ፣ ሁሉም ዝም። ይህን ያህል ትርፍ ከውድቀት ይገኛል ብላ አስባ አታውቅም። ብልህ ሚስት እዚህ ላይ ተመስገን ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። እሷ ግን ስንት ክረምት ያጠራቀመችው ነገር ነበራት፤ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች፤ ሶፋው አጠገብም መጥታ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። አራት ምርጫ ብቻ ባለበት ወረቀት ላይ ‹ሠ›ን ከየት አመጣኸው? አብራራ።»

ካልሲ ውስጥ አንድ አውራ ጣት ተኮማተረ።

«አላብራራም።»