ዘመሮ የሰነበተችው ሦስት ቀን

ተገኘ ዕድሜውን ሙሉ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሸምን ኖሮ ሰባ አምስት ዓመት ሲሞላው መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቀኑን ረሳ፤ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ፤ በአራተኛው ዓመት ሚስቱን ጌታነሽን። እሷም ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ውርጭ ላይ ራቁቱን ሲወጣ ተከትላ የምትመልሰው እሷው ናት።

እሱ ግን ላገኘው ሁሉ፣ "እዚያ ቤት ያለችው ሴትዮ በረሃብ ልትገድለኝ ነው" ይላል። ሰውም አመነው። የሰንበቴ ማኅበርተኞች ዳቦ ይዘውለት መጡ፤ አንዷ ጌታነሽን ገላምጣ፣ "ምነው እቴ፣ ባልሽ እኮ ነው!" አለቻት።

ለጥምቀት ልጃቸው ምንተስኖት ከደብረ ብርሃን መጣ። ተገኘ እንግዳ ሲያይ እንደ ድሮው ሆነ፤ ቀለደ፣ መረቀ። ምንተስኖት እናቱን ወደ ጓሮ ጠራት።

"እማዬ፣ አባባ ደህና ናቸው እኮ። እርጅና ነው። ትንሽ ብትታገሻቸው…"

"ብትታገሻቸው አልክ?"

"ጎረቤት የሚያወራው ጥሩ አይደለም።"

በማግስቱ ጠዋት ጌታነሽ ነጠላዋን አጣፋች። "ዘመሮ ከተማ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው። እስቲ አንተ ታገሰው" አለችው። ምንተስኖት የቀለደች መስሎት ሳቀ።

እህቷ ቤት የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ።

"እማዬ፣ እባክሽ ነይ! በዱላ ፈነከቱኝ። ልብሳቸውን አላስለውጥ ብለው… እኔ አልቻልኩም።"

ስትመለስ ምንተስኖት ግንባሩን በፕላስተር ለጥፎ፣ ሻንጣውን ደጅ አውጥቶ ጠበቃት። ይቅርታ አላላትም።

"ጠበል ብንወስዳቸው ይሻላቸው ይሆናል" አለ።

"ማን ነው የሚወስደው?"

"ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው" ብሎ ሄደ። አልሸኘችውም።

ቤቱ ይሸታል። ውሃ አሙቃ ተገኘን ልታጥበው ስትል ክንዷን ነከሳት። በጥፊ መታችው። በአርባ ዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው እጇን አንስታበት አታውቅም። ፊቱን በክንዱ ከልሎ አለቀሰ። እሷ እንባ አልመጣላትም፤ አጥባው ጨረሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን አባ አትናቴዎስን አገኘቻቸው።

"አባ፣ ባሌን መታሁት። ሌላም አለ። ዘመሮ ሳለሁ አንድም ቀን አልናፈቀኝም። 'ሞተ' ብለው ቢደውሉልኝ ብዬ አሰብኩ፤ ሳስበው ደስ አለኝ።"

"ከነገ ጀምሮ አምስት ቀን እየመጣሽ አርባ አርባ ስገጂ" አሏት።

"እሺ አባ። እሱንስ ማን ይይዝልኛል?"

"እንግዲያ እቤትሽ ስገጂ" አሏት።

መስቀላቸውን ተሳለመች። በሩን በተገኘ ላይ ከውጭ ቆልፋ ነበር የመጣችው፤ ጉልበቷን እየያዘች ወደ ቤቷ ተጣደፈች።