ክዳኑ የተነሣለት ማሽን

አለቃችን አዲሱን ማሽን ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ነው የተቀበለው። እኛን በዚህ ላቦራቶሪ ለአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጎ ሰላም ብሎን አያውቅም።

ሥራችን ደም በቀጭን ቱቦ ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ቀይ የደም ሕዋሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደዘቀጠ ማንበብ ነው። ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር ካለ ቶሎ ይዘቅጣል። ማሽኑ ግን በደሙ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ በሃያ ሰከንድ ቁጥሩን ይናገራል። የውጭ ብርሃን እንዳይገባበት ጥቁር ክዳን ተሠርቶለታል። አለቃችን ክዳኑን አንሥቶ ቁም ሣጥን ላይ ወረወረውና ማሽኑን መስኮት ሥር አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ቀዩ መብራት መታየት አለበታ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽተኛ ጠፋ። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፤ ሁሉም ደህና። «አያችሁ?» ይላል አለቃችን፣ ማሽኑ ያዳናቸው ይመስል። እኔም አልጠየቅሁም። በጊዜ ወደ ቤት መግባትን ማን ይጠላል?

ያሳደገችኝ አክስቴ ራሷን እያመማት፣ ስታኝክ መንጋጋዋን እየወጋት መጣች። ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደኝና «የደም ሥሯ ተቆጥቶ እንዳይሆን። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዛሬውኑ መድኃኒት እንጀምራለን፤ ዓይን ያጠፋል» አለኝ። ደሟን ራሴ ቀዳሁ፣ ራሴ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። አሥራ አንድ! ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ።

«ታዲያ ደህና ከሆንኩ ለምን ያመኛል ልጄ?» አለች።

«እቴቴ ደግሞ! ከማሽን ልትበልጪ ነው?» ብዬ ሳቅሁባት። ሐኪሙም ቁጥሩን አምኖ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ሸኛት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሳ መጣች፤ ቀኝ ዓይኗ ላይ መጋረጃ ወርዶበታል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደሟን በአሮጌው ቱቦ አቆምኩ። ሐኪሙ አንዱን ሰዓት አልጠበቀም፤ መርፌውን ወዲያው ሰጣት። ቱቦውን ሳነብ ዘጠና አራት ይላል።

አለቃችን ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ቱቦው አርጅቶ ነው» አለኝ።

«መስታወት ምኑ ያረጃል?»

መብራት ሲመጣ ከተረፈው ደም ለማሽኑ ሰጠሁት፤ አሥራ ሦስት። ክዳኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ ገጠምኩለት፤ ዘጠና አንድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም ዓይነት አይደለም። የአክስቴ ግራ ዓይን ተረፈ። ቀኙ አልተመለሰም።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ አለቃችን። «ስማችን ይጠፋል።» ስማችን! ምስኪን ስማችን።

መዝገቡን አወጣሁ። በዚያ ማሽን «ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ» ያልናቸው ስልሳ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስልኩን ሳነሣ አክስቴ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንዲት ሴት «ሃሎ» አለች።

«ከላቦራቶሪው ነው። ተመልሰው ደም መስጠት ይኖርብዎታል። ባለፈው ማሽኑ...»

አክስቴ በቀረላት ዓይን አየችኝ።

«ባለፈው እኛ ተሳስተን ነው» አልኩ።